የያፎ በርና በአጠገቡ ያለው ክፍተት

ስለ ኢየሩሳሌም ቅጥር የተጻፈው ብዙ ነው። ስለ በሮቹ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ በማን ዘመን ተሠሩ፣ ማን ድል አድርጎ ገባባቸው፣ ማን ተሸንፎ ወጣባቸው በሚለው ታሪክ ላይ ያልቃል። በሩን እንደ ሥራ፣ ማለትም አንድ ግንበኛ አስቦና ለክቶ እንደ ሠራው ነገር አድርጎ የሚመረምር ጽሑፍ ጥቂት ነው። እዚህ የምንመለከተው ከበሮቹ አንዱን፣ በምዕራቡ ቅጥር ላይ ያለውን ብቸኛ በር ነው። በዕብራይስጥ ሻዓር ያፎ፣ በዐረብኛ ባብ ኤል ኸሊል ይባላል። ይህ በር ከመቶ ሃያ ዓመታት በላይ በየተራ ጎኑ ሲፈርስ፣ አናቱ ሲቆረጥ፣ ፊቱ ሲታጠብና ሲታደስ ኖሯል። ታዲያ በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ምን ተጠበቀለት? ምንስ ተወሰደበት? (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች ብዙዎቻችን ወደ አሮጌው ከተማ መጀመሪያ የገባነው በዚህ በር አይደለም። ወደ ኮቴል የሚወስደው አውቶቡስ ሰው የሚያወርደው በደቡብ በኩል ባለው በሻዓር ሃአሽፖት አጠገብ ስለሆነ፣ ሽማግሌዎቻችን የሚያውቁት እርሱን ነው። ያፎ በር የሚታወቀው በኋላ፣ ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ሲጎበኝ፣ ወይም ልጆች ከትምህርት ቤት ለጉብኝት ሲሄዱ ነው። የኢትዮጵያ ክርስቲያን ተሳላሚዎች ነገር ሌላ ነው። ከያፎ ወደብ ተነሥቶ ወደ ዴር ሱልጣን ለሚሄድ መንገደኛ የጉዞው መጨረሻ የሚሆነው ይኸው የምዕራቡ በር ነበር። ስለዚህ ለአማርኛ ተናጋሪው በሩ ጨርሶ ባዕድ አይደለም።

በሩን ለማየት ከያፎ መንገድ በኩል መምጣት ይገባል። ቅጥሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይዘልቃል፤ የበሩ ፊት ግን ከቅጥሩ ጋር ትይዩ አይደለም። ከቅጥሩ ጎልቶ በወጣ ግንብ ላይ ተሠርቶ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሯል። መንገደኛው ሾጠጥ ባለው ቅስት ሥር ሲገባ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ይሄዳል። ጥቂት እርምጃ ከሄደ በኋላ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ያገኛል። መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፍና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ከተማው ብርሃን ያወጣዋል። ከበሩ በላይ ጎልቶ የወጣ፣ ከሥሩ ክፍት የሆነ የግንብ ሳጥን አለ። ጠባቂው በሩ ሥር የደረሰውን ጠላት ቁልቁል የሚመታው በእርሱ ውስጥ ሆኖ ነበር። መዝጊያዎቹ በብረት የተለበጡ ናቸው።

ይህ መታጠፊያ የበሩ ዋና ሐሳብ ነው። ፈረሰኛ እየጋለበ ሊገባበት አይችልም፤ በሩን ሰብሮ የሚገባም ጦር ኃይሉን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። የሰላም ሰው ደግሞ በመታጠፊያው ላይ እርምጃውን ይቀንሳል፤ ጠባቂው ፊቱን ያየዋል፤ እርሱም ዓይኑ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ እስኪለምድ ጥቂት ይቆማል። በአማርኛ «ደጅ መጥናት» የምንለው ነገር፣ ከበር ላይ ቆሞ እስኪፈቀድ የመጠበቅ ሥርዓት፣ እዚህ በድንጋይ ተሠርቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በእኔ አስተያየት የበሩ ውበትም ያለው በዚህ ነው። ጌጡ ጥቂት፣ ቁመቱም ከሰው መጠን ብዙ ያልራቀ ነው። የሠራው ሰው ሊያስደንቅ አልፈለገም፤ ሊያዘገይ ፈለገ፤ አዘገየም።

የጉብኝት ወረቀቶች በሩን «የመካከለኛው ዘመን በር» ይሉታል። በአሠራሩ እውነት ነው፤ በዕድሜው ግን ጥቂት መታረም አለበት። በዚህ ሥፍራ አካባቢ ከጥንት ጀምሮ በር ነበረ። በስድስተኛው መቶ ዓመት በሞዛይክ የተሠራው የማደባ ካርታ በከተማው ምዕራብ በር ያሳያል። በ2010 በበሩ አቅራቢያ በተደረገ ቁፋሮም ከዛሬው መንገድ 4.5 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በካርታው ላይ የሚታየው የቢዛንታይን መንገድ ተገኝቷል። የመስቀል ጦረኞች በዚያ የነበረውን በር የዳዊት በር ይሉት ነበር። ሳላሃዲን በ1187 ከተማውን ሲይዝ፣ ቤዛ የተጣለባቸው ክርስቲያኖች ለወንድ 10፣ ለሴት 5 ዲናር እየከፈሉ የወጡት በእርሱ ነው። በ1219 ግን ቅጥሩ በአዩቢዱ ገዥ በአል ሙዓዘም ዒሳ ትእዛዝ ፈረሰ፤ ከተማውም ሦስት መቶ ዓመት ያህል ያለ ሙሉ ቅጥር ኖረ። ዛሬ የምናየውን ቅጥር ከ1537 እስከ 1541 ያሠራው የኦቶማኑ ሱልጣን ሱለይማን ነው። የያፎ በር የተሠራው በ1538 ነው።

ይህ ዘመን የመድፍ ዘመን ነበር። ሱለይማን ራሱ በ1522 ሮድስን የያዘው በመድፍ ነው። ቅጥር ለመድፍ ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ሆኖም በኢየሩሳሌም ያሠራው ቅጥር 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፣ በአማካይ 12 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ውፍረቱ ግን በአማካይ 2.5 ሜትር ብቻ የሆነ ነው። እንዲህ ያለው ቅጥር ዘራፊን ይከለክላል፣ ሕዝብን ያሳድራል፣ የሱልጣኑን ክብር ይናገራል፤ ታላቅ ጦር ግን አይመልስም። ስለዚህ በሩ የመካከለኛው ዘመን ሰዎች ጥበብ የመጨረሻ ፍሬ ነው ማለት ይቻላል። ጥበቡ በሌላ አገር እየተተወ በነበረበት ጊዜ እዚህ በሙሉ ብስለቱ ተሠራ። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው፣ በኋላ የመጡት አዳሾች በሩን «ወደ መካከለኛው ዘመን መልኩ እንመልሰው» እያሉ የሠሩትን ለመመዘን ነው።

የስሙም ነገር የሚታለፍ አይደለም። ከአንዱ በር ፊት ቆመው ዕብራይስጥ ተናጋሪው ወደ ያፎ ባሕር፣ ዐረብኛ ተናጋሪው ወደ ኬብሮን ያስባሉ። ኸሊል ማለት ወዳጅ ማለት ነውና፣ አብርሃም የእግዚአብሔር ወዳጅ ስለ ተባለ ኬብሮን በዐረብኛ በእርሱ ስም ትጠራለች። አንዱ በር ሁለት መንገድ አለው ማለት ነው። የጎንደርን የፋሲል ግቢ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ልዩነቱን ያስተውላል። የዚያ ግቢ አጥር 900 ሜትር ያህል ነው፤ በሮቹ ዐሥራ ሁለት ናቸው፤ ስማቸውም ፊት በር፣ ወንበር በር፣ ተዝካሮ በር፣ አደናግር በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ እልፍኝ በር እያለ ይሄዳል። አብዛኞቹ ወደ የት እንደሚያደርሱ አይናገሩም። የሚናገሩት ማን እንደሚገባባቸው ነው፤ ፈራጁ፣ ፈታይዋ፣ እምቢልታ ነፊው፣ የፈረሰኛው አለቃ። የከተማ በር መንገድን ይጠራል፤ የቤተ መንግሥት በር ሰውን ይለያል። ወደ ጎንደር ከሄዱት ልጆቻችን መካከል ሁለቱን ቦታዎች አይተው «ተመሳሳይ ግንብ ነው» የሚሉ አሉ፤ ድንጋዩ ይመሳሰል ይሆናል እንጂ ሥራው አንድ አይደለም።

ሦስተኛም አሰያየም አለ፤ እርሱን ከሁሉ አስቀድመን የምናውቀው እኛ ነን። በሲግድ ዕለት ቄሶቻችን የሚያነቡት የነህምያ መጽሐፍ ሕዝቡ በውኃው በር ፊት ባለው አደባባይ ተሰብስቦ ሕጉ እንደ ተነበበለት ይናገራል። ከዚያ አስቀድሞ በሦስተኛው ምዕራፍ የኢየሩሳሌም በሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ከእያንዳንዱ በር ጋር የሠራው ሰው ስም አለ። የበጎችን በር ሊቀ ካህናቱ ኤልያሴብና ወንድሞቹ ካህናት ሠሩት። ሰሎም የሚባል ሹም ከሴቶች ልጆቹ ጋር አንዱን የቅጥር ክፍል አደሰ። የአንድ ከተማ ታላላቆች ሥራውን እንዳልወደዱት እንኳ ሳይቀር ተጽፏል። ስለ ያፎ በር ስናነብ ይህን ምዕራፍ በአእምሯችን እንያዝ። ሱለይማን በበሩ ላይ ያስቀረጸው የዐረብኛ ጽሑፍ የሱልጣኑን ስም ይጠራል፤ ድንጋዩን የጠረበውን አይጠራም።

በሩ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ድረስ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋ፣ ስትወጣ ይከፈት ነበር። ከቅጥሩ ውጪ የመጀመሪያው የአይሁድ ሠፈር ሚሽከኖት ሻአናኒም በ1860 በሞንቴፊዮሬ አማካይነት ሲሠራ፣ ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ ሲመሽ ወደ ቅጥሩ ውስጥ ተመልሰው ያድሩ ነበር። የበሩን ጥቅም ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

በሩ ከባዱን ጉዳት ያየው በ1898 ነው። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልም የመድኃኔ ዓለምን የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ለመመረቅ ከሚስቱ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ፣ እርሱና አጀቡ ሳይወርዱና ሳይታጠፉ እንዲያልፉ በበሩና በምሽጉ መካከል የነበረው ቅጥር ፈረሰ፤ በምሽጉ ዙሪያ ከነበረው ጥልቅ ጉድጓድም በዚያ በኩል ያለው ክፍል ተሞላ። ፈቃዱን የሰጠው ዳግማዊ ሱልጣን አብዱልሐሚድ ነው። በሩ ራሱ አልተነካም። የፈረሰው አጠገቡ ነው። ነገር ግን ከጎኑ ሰፊ መንገድ የተከፈተለት በር ምን ዓይነት በር ነው? የቤቱ ግድግዳ ተንዶ መዝጊያው ብቻ የቀረለት ሰው በማታ መዝጊያውን ቢቆልፍ ይሳቅበታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የያፎ በር መዝጋትም ማዘግየትም አቅቶት የራሱ ሥዕል ሆኖ ቆሟል። ዛሬ መኪናው ሁሉ የሚያልፈው በክፍተቱ ነው፤ እግረኛውም የቸኮለ እንደ ሆነ ወደ ሰፊው ያዘነብላል።

ስለዚህ ጉዳይ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ሰዎች ጨዋታ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በፈረስ ተቀምጦ በክፍተቱ ገባ፤ የእንግሊዙ ጄኔራል አለንቢ ግን በታኅሣሥ 11 ቀን 1917 ከፈረሱ ወርዶ በእግሩ ገባ ይባላል። አስጎብኚ ሁሉ ይህን ይናገራል፤ ንጽጽሩም ለእንግሊዞች እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ ነው። አዋጁ ከምሽጉ ደረጃ ላይ ሲነበብ ፎቶግራፍ አንሺዎች ቦታ ቦታቸውን ይዘው እንደ ነበር ልብ ይሏል። በእግር መግባትም ትርኢት ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ ሁለት መኳንንት አገባብ ይልቅ ሊያነጋግረን የሚገባው የሰዓት ማማው ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለሱልጣን አብዱልሐሚድ የንግሥ ሃያ አምስተኛ ዓመት መታሰቢያ እንዲሆን በዚሁ በር አናት ላይ ረዘም ያለ የሰዓት ማማ ተሠራ። ማማው የአውሮፓን ሰዓትና የአገሩን ሰዓት፣ ሁለቱንም ያሳይ ነበር። የአገሩ ሰዓት ፀሐይ ስትጠልቅ ዐሥራ ሁለት ብሎ የሚጨርስ ነውና፣ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ከአውሮፓው ይልቅ እርሱን በቀላሉ ያነበው ነበር። (እዚህ ከመጣን በኋላ በሰዓት አቆጣጠር ስንት ቀጠሮ እንዳመለጠን የሚያስታውስ አንባቢ በዚህ ፈገግ ይላል።) በዚያ በር አጠገብ ፖስታ ቤት፣ ሆቴል፣ የሠረገላ ማቆሚያ፣ ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ ነበረ። በማማው ላይ ጎን ለጎን የቆሙት ሁለት ሰዓቶች የዚያን ቦታ ኑሮ በትክክል ይናገሩ ነበር።

እንግሊዞች ማማውን አልወደዱትም። ገዥው ሮናልድ ስቶርስ በ1918 ያቋቋመው ፕሮ ጀሩሳሌም ሶሳይቲ የተባለ ማኅበርና አማካሪው፣ የሕንፃ ባለሙያው ቻርልስ ሮበርት አሽቢ፣ ማማው የጥንቱን ቅጥር መልክ ያበላሻል ብለው ፈረዱ፤ በ1922ም ተነሣ። ለአሽቢ ፍትሕ እናድርግ። ቅጥሩ እንዲጠገንና ሰው በላዩ እንዲዘዋወርበት ያደረገ እርሱ ነው። ለእጅ ሥራም እውነተኛ ፍቅር ነበረው፤ ከኩታህያ የመጡት አርመናውያን የሸክላ ሠሪዎች በኢየሩሳሌም እንዲሠሩ ማኅበሩ ረድቷቸዋል፤ ሥራቸውም እስከ ዛሬ ይታያል። ከተማው በድንጋይ ብቻ እንዲሠራ የሚያዘው ደንብም የተጀመረው በዚያው ዘመን ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ማማውን ሲያነሡ ግን ያደረጉት ጥገና አልነበረም፤ ምርጫ ነበር። በከተማው ሰዎች ዕድሜ የተሠራው «አዲስ ነውና አስቀያሚ»፣ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የቀረበው «ጥንታዊ ነውና ውብ» ተባለ። በአብዱልሐሚድ ዘመን በያፎ ከተማ የተሠራው የሰዓት ማማ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ የከተማውም ምልክት ሆኗል፤ ዛሬ አስቀያሚ ነው የሚለው የለም። የኢየሩሳሌሙም ጊዜ ቢሰጠው ኖሮ እንዲሁ በሆነ ነበር።

እንግሊዞቹ በዚህ ሥራቸው ውስጥ አንድ ስሕተት ደብቀዋል። ማማውን ለበሩ ጥንታዊ መልክ ሲሉ ካነሡ፣ የ1898ን ክፍተት ለምን አልዘጉም? ክፍተቱ ለመኪና ይጠቅማል፤ ሰዓቱ ለእነርሱ አይጠቅምም ነበር። እንግዲህ የመካከለኛው ዘመን መልክ የተፈለገው መንገዱን እስካልዘጋ ድረስ ብቻ ነው ማለት ነው።

ክፍተቱ የተዘጋው በሌላ ምክንያት ነው። በ1948ቱ ጦርነት አሮጌው ከተማ በዮርዳኖስ እጅ ሲገባ የያፎ በር ከነክፍተቱ ተዘጋ፤ እስከ 1967ም ተዘግቶ ኖረ። ከበሩ ፊት ያለው የማሚላ ሠፈር በዚያ ጊዜ የድንበር ዳር ሆነ፤ የኖሩበትም አዲስ የመጡ ድኾች ቤተሰቦች ነበሩ። ድንበሩ ሲነሣ ቦታው ተፈላጊ ሆነ፤ ቤተሰቦቹም በ1970ዎቹ ወደ ሌላ ሠፈር ተወሰዱ። ከረዥም ክርክር በኋላ በ2007 በአርክቴክት ሞሼ ሳፍዲ ንድፍ የተሠራው የገበያ መንገድ ተከፈተ። በ1898 ንጉሠ ነገሥቱን ሊያነጋግር የመጣው ቴዎዶር ሄርጽል ያረፈበት የሽተርን ቤት በዚያ አለ፤ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ቁጥር ተጽፎባቸው ፈርሰው እንደ ገና ተሠርተዋል። ቁጥሮቹ እስከ ዛሬ በድንጋዮቹ ላይ ይነበባሉ። ይህን አንዳንዱ ያደንቀዋል፤ እኔም ሥራው እንዳይደበቅ መደረጉን አደንቃለሁ። ይሁን እንጂ ታላቁ ሰው ጥቂት ሌሊት ያደረበት ቤት እያንዳንዱ ድንጋይ ተቆጥሮ ሲጠበቅ፣ ሃያ ዓመት በጥይት አፈፍ ላይ የኖሩት ስደተኞች ቤቶች አለመቆጠራቸው የሚታይ ነው። በመርካዝ ቅሊታ የኖረ ሰው ይህን ለማስተዋል አስተማሪ አያስፈልገውም።

የ2010ሩ እድሳት ከቀደሙት ሁሉ የተሻለ ነው። የእስራኤል የቅርስ ባለሥልጣን በ2007 የጀመረው የቅጥሩ ጥገና ወደ ያፎ በር ሲደርስ፣ የተሰበሩ ድንጋዮች ተተኩ፣ የመኪና ጢስ ያጠቆረው ፊት ታጠበ፣ የ1538ቱ ጽሑፍ ተጠግኖ በቦታው ተመለሰ። ከሁሉ የሚመሰገነው ግን ያልተነካው ነው። ከ1948ቱ ውጊያ በበሩ ውስጥ የቀሩት የጥይት ስብርባሪዎች እንዳሉ እንዲቆዩ ተደርጓል። በጽዮን በር ላይ ጥይት የበሳቸው ድንጋዮች ከሩቅ ስለሚታዩ ሁሉም ያውቃቸዋል፤ የያፎ በር ስብርባሪዎች ግን ቀርቦ ለሚፈልግ ብቻ የሚገኙ ናቸው። በ1922 የነበረው ፍርድ ቢደገም ኖሮ እነርሱም «የበሩን መልክ ያበላሻሉ» ተብለው በተነቀሉ ነበር። አዳሹ በዚህ ጊዜ ትናንት የሆነውንም ታሪክ ነው ብሎ ተቀበለ። በዚህ መለኪያ ሲታይ የሰዓት ማማው መነሣት ይበልጥ ያሳዝናል።

ከበሩ ገባ እንዳሉ በግራ በኩል በብረት አጥር ውስጥ ሁለት መቃብሮች አሉ። ሰው ሁሉ የሚያወራው አፈ ታሪክ፣ የተቀበሩት የቅጥሩ ሠሪዎች ናቸው ይላል። ሱለይማን የጽዮን ተራራን ከቅጥሩ ውጪ ስለ ተዉት አስገደላቸው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ እንዲህ ያለ ሥራ ለሌላ ንጉሥ እንዳይሠሩ አስገደላቸው ይላሉ። አስጎብኚዎች ይህን እንደ እውነት መንገራቸውን መተው አለባቸው፤ በመቃብሮቹ ላይ ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ነገር የለም። ንጉሥ አናጢውን ገደለ የሚለው ወሬ በብዙ አገር የሚነገር ወሬ ነው። ነገር ግን ወሬው ከንቱ ነው ብሎ ማለፍ አይበቃም። በሩ ላይ የተጻፈው ስም የአሠሪው ብቻ መሆኑን ያየ ሕዝብ ለሠሪዎቹ መቃብር ፈለገላቸው። የነህምያን ሦስተኛ ምዕራፍ የሚያውቅ ከተማ በር ያለ ሠሪ ስም ሲቆም አላስችል ብሎታል።

የቤተ እስራኤል አንባቢ ይህን ከማንም ይበልጥ ይረዳዋል። ንጉሥ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ከቆረቆረ በኋላ በከተማው ግንብ ሥራ ላይ ቤተ እስራኤል በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በብረት ሥራ እንደ ተሰማሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ፤ ከአለቆቻቸውም የሹመት ስም የተሰጣቸው ነበሩ። ግንቡ ግን የፋሲል ግንብ ነው የሚባለው። ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በቀን ለሥራቸው ሲፈለጉ፣ በማታ «ቡዳ» እየተባሉ ሲፈሩና ሲሸሹ ኖረዋል። ዛሬ በጎንደር አጠገብ በወለቃ ቤተ እስራኤል ከወጡ በኋላ እንኳ የሠፈሩ ስም ለጎብኚ መሳቢያ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ የያፎ በር ሲተረክ «ሱለይማን ሠራው» ሲባል ብንሰማ፣ ወዲያው «በማን እጅ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ጥያቄው ለሱልጣኑ አክብሮት ማጣት አይደለም። ድንጋዩ ላይ የመሮው ምት አለ፤ ምቱ የሰው እጅ ነው፤ በሩን እንደ ሥራ መመልከት ከዚያ ይጀምራል።

ክፍተቱ ይዘጋ የሚሉ ሰዎች አልፎ አልፎ ይነሣሉ። አልስማማም። በክፍተቱ በኩል አምቡላንስ ይገባል፣ መራመድ የተሳናቸው ሽማግሌዎች በመኪና ይደርሳሉ፤ በአርመንና በክርስቲያን ሠፈር የሚኖረውም ሕዝብ ዕቃውን የሚያስገባው በዚያ ነው። ደግሞም ክፍተቱ ራሱ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እርሱም ቅርስ ሆኗል። የሚጎድለው ሌላ ነው። በበርሊን የፈረሰው ግንብ የነበረበት መስመር በመንገዱ ላይ በተነጠፈ ድርብ የድንጋይ ረድፍ ይታያል፤ መኪናውም እግረኛውም ሳይከለከል ያልፍበታል። በያፎ በር አጠገብም የፈረሰው ቅጥርና የተሞላው ጉድጓድ መስመር እንዲህ ቢመለከት፣ በአጠገቡም የ1898ን ሥራና የሰዓት ማማውን ፎቶግራፍ የያዘ ሰሌዳ ቢቆም ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። የምሽጉ ሙዚየም በ2023 ታድሶ ከቅጥሩ ውጪ በኩል አዲስ መግቢያ ስለ ተሠራለት፣ ይህን ለመሥራት ከአሁን የተሻለ ጊዜ የለም። ሰሌዳው ከዕብራይስጥ፣ ከዐረብኛና ከእንግሊዝኛ ጋር በአማርኛም ቢጻፍ ቅር የሚለው አይኖርም።

እስከዚያው ግን ልጆቹን የሚያስጎበኝ ወላጅ ሰሌዳ መጠበቅ የለበትም። ሲገቡ በበሩ ይግቡ፤ በመታጠፊያው ላይ ቆመው የጠባቂው ቦታ የት እንደ ነበረ ይፈልጉ። በበሩ ውስጥ የጥይቱን ስብርባሪ ልጆቹ ራሳቸው ይፈልጉት፤ ዓይናቸው ከእኛ ይሻላል። ሲመለሱ በክፍተቱ ይውጡ፤ መኪናው የሚያልፍበት አስፋልት ላይ ሲደርሱም ከእግራቸው ሥር የተሞላ ጉድጓድ እንዳለ ይንገሯቸው።